«ደህና ነን» የማይሉ ደብዳቤዎች

(ይህ እዚህ ቦስተን በአንድ የንባብ ምሽት ላይ የተናገርኩት ነው። ከተቀዳው ላይ ገልብጬ ነው የጻፍኩት። «እእ» ያልኩባቸውን ቦታዎች አውጥቻለሁ። ሌላው እንዳለ ነው።)

እንደምን አመሻችሁ! ጤና ይስጥልኝ!

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ። በር ላይ የቆማችሁትም ግቡ፣ ፊት ለፊት ወንበር አለ። ፊት መቀመጥ የሚፈራው የቤት ሥራውን ያልሠራ ተማሪ ነው። ዛሬ የቤት ሥራ የለም።

ቡናው እስኪፈላ ድረስ ነው ጊዜ የተሰጠኝ። ከጀበና ጋር ተወዳድሮ ያሸነፈ ተናጋሪ ስለሌለ ሽታው ሲመጣ አቆማለሁ።

ሦስት ነገር ነው የማወራው። አንደኛ፣ ስለታጠነ ደብዳቤ። ሁለተኛ፣ ሆስፒታል ስለሆነ ቤት። ሦስተኛ፣ በፖስታ ስለሚያክም ሐኪም። ሦስቱም እዚሁ አሜሪካ፣ አብዛኛውም እዚሁ ቦስተን አካባቢ የሆነ ነው። ዓመተ ምህረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው። የእኛን ስጠራ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አሁን «ጤና ይስጥልኝ» አልኳችሁ አይደል? ሰላምታችን ራሱ ስለ ጤና ነው። «ደህና ነህ? ደህና ነሽ?» እንባባላለን። እስቲ ንገሩኝ፣ «አይ፣ ደህና አይደለሁም» ብሎ የመለሰላችሁ ሰው መቼ ነው ያጋጠማችሁ?

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁኝ ነርስ ነኝ። ከ20 ዓመት በላይ የሌሊት ፈረቃ ሠርቻለሁ። አንድ ሌሊት አንዲት የእኛ አገር እናት ዳሌያቸው ተሰብሮ መጡ። እዚህ ሆስፒታል ሕመም በቁጥር ነው የሚጠየቀው። «ከ1 እስከ 10 ስንት ነው የሚያምዎት?» አልኳቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉኝ። «እትዬ፣ ቁጥር ይንገሩኝ።» «አንቺ ደህና ነሽ? ልጆችሽስ?» አሉኝ። ላብ በግንባራቸው ላይ እየወረደ እኮ ነው! ኮምፒውተሩ ቁጥር ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ፊታቸውን አይቼ 9 ብዬ ሞላሁ።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ሌሊት፣ በሽተኛው ሁሉ ሲተኛ፣ የሰው ደብዳቤ ማንበብ ጀመርኩ። የሰው ደብዳቤ ማንበብ ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው፣ አውቃለሁ። ግን ባለቤቶቹ ከሞቱ ወደ 200 ዓመት ሆኗቸዋል። ባልና ሚስት ናቸው። እሱ ጆን አዳምስ ይባላል፣ በኋላ ሁለተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው። እሷ አቢጌል ትባላለች። ከ1,100 በላይ ደብዳቤ ተጻጽፈዋል። የማሳቹሴትስ የታሪክ ማኅበር ኢንተርኔት ላይ ስላስቀመጠው ማንም በነጻ ያነበዋል። ቤታቸውም ሩቅ አይደለም። ያኔ ብሬንትሪ ይባል ነበር፣ ዛሬ ኩዊንሲ ነው። ቀዩን ባቡር ይዛችሁ ትደርሳላችሁ።

ስለ ፖለቲካ አነባለሁ ብዬ ነበር የጀመርኩት። ያገኘሁት ግን የበሽተኛ መዝገብ ነው። ተቅማጥ፣ ትኩሳት፣ ፈንጣጣ፣ የዓይን ሕመም፣ የወሊድ ፍርሃት። ሁሉንም ይጽፉታል። ቁስሉ ስንት እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚያም፣ ማን እንደቃዠ፣ ማን እንደሞተ። ምንም አይደብቁም! እኔ የዳሌ ስብራት «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚባልበት አገር ልጅ ነኝ። ደነገጥኩ።

ወደ መጀመሪያው ነጥቤ ልግባ።

ዓመቱ 1764 ነው። ጆን 28 ዓመቱ ነው፣ አቢጌል 19። ተጫጭተዋል፣ ገና አልተጋቡም። ቦስተን ውስጥ ፈንጣጣ ገብቷል። ጆን ሊከተብ ወደ ከተማ ሄደ።

ያኔ ክትባት ማለት ዛሬ የምናውቀው አይደለም። ከፈንጣጣ በሽተኛ ቁስል ላይ መግል ይወሰድና ጤነኛው ሰው ክንድ ውስጥ ይቀበራል። እውነተኛውን በሽታ ነው የሚሰጡት። ግን በዚህ መንገድ ሲገባ ብዙውን ጊዜ ይቀልላል። ከመከተቡ በፊትም ሰውነት «ይዘጋጃል»። ሥጋ የለም። ወተት ይጠጣል። የሚያስመልስ መድኃኒት ይዋጣል። ሜርኩሪ ያለበት መድኃኒትም አለ፣ መርዝ መሆኑን ማን ነግሯቸው! ኮሶ ጠጥቶ የሚያውቅ ሰው ካለ ነገሩ ይገባዋል።

ጆን ለእጮኛው አንድ በአንድ ጻፈላት። ሐኪሙ ግራ ክንዱን ያዘ። በመውጊያው ጫፍ ቆዳውን ሰነጠቀ፣ ደም ብቅ እስኪል ብቻ። ስንጥቁ ውስጥ አጭር ክር ቀበረ። ክሩ ነው በሽታውን የያዘው። ከላይ ጨርቅ አድርጎ አሰረው። አለቀ። ለእጮኛ እንዲህ ያለ ደብዳቤ የሚጽፍ ወንድ ዛሬ ካለ እጁን ያውጣ! (ማንም አላወጣም።)

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ደብዳቤው የሚመጣው ከፈንጣጣ ቤት ነው። የአቢጌል እናት በጣም ይፈራሉ። ስለዚህ ደብዳቤው ይታጠናል። በትክክል ሰማችሁኝ፣ ይታጠናል! የወተት ዕቃ በወይራ ጭስ እንደሚታጠነው። አቢጌል ጻፈችለት። ደብዳቤህን ከመስጠትህ በፊት በደንብ እንደምታጥነው ተስፋ አደርጋለሁ፣ እናቴ በሽታው እንዳይዘኝ ፈርታ መቼም በቅጡ ታጥኗል ብላ አታምንም፣ አለችው።

ስቃችኋል። እኔም ስቄ ነበር። ግን እውነት እንነጋገር። በ2020 ኮሮና ሲገባ እኔ ምን አደረግኩ? ፖስታ ሳጥን ውስጥ የመጣውን የመብራት ቢል በሳኒታይዘር ወለወልኩ። ሙዝ በሳሙና ያጠብን የለንም እንዴ? እነሱ ስለ ጀርም የሚያውቁት ነገር አልነበረም። እኛ እያወቅን ሙዝ አጠብን። ስለዚህ የአቢጌልን እናት አልስቅባቸውም።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ትንሽ ልወጣ። የሚቆጨኝ ነገር ስላለ ነው።

ይህ ክትባት ቦስተን እንዴት ደረሰ? በ1706 ኮተን ማዘር ለሚባል ቄስ ምዕመናኑ አንድ አፍሪካዊ ባሪያ ገዝተው በስጦታ ሰጡት። ስጦታ! ቄሱም ስም አወጣለት፣ አናሲሞስ ብሎ። በፊልሞና መልእክት ላይ ያለውን አናሲሞስ ታስታውሳላችሁ። እናቱ ያወጣችለት ስም ምን ነበር? ማንም አልጻፈውም።

ማዘር አንድ ቀን «ፈንጣጣ ይዞህ ያውቃል?» ብሎ ጠየቀው። «አዎም፣ አይደለምም» አለው። እጅጌውን ሰብስቦ የክንዱን ጠባሳ አሳየው። በአገሬ እንዲህ ያደርጉናል፣ ከዚያ በኋላ በሽታው አይነካንም አለው። ማዘር ይህንን በ1716 ለንደን ላለው የሳይንስ ማኅበር በደብዳቤ ጻፈ። እንግዲህ ይህም ደብዳቤ ነው!

በ1721 ፈንጣጣ ቦስተንን ሲያጠቃ፣ ዛብዲኤል ቦይልስተን የሚባል ሐኪም ይህንን ሞከረ። የመጀመሪያ ቀን የከተበው የ6 ዓመት ልጁንና ሁለት ባሪያዎችን ነው። ባሪያዎቹ ፈቅደው ይሁን ማን ጠየቃቸው? ከተማው ተቆጣ። የማዘር ቤት መስኮት ውስጥ ቦምብ ተወረወረ፣ ደግነቱ አልፈነዳም። ግን ቁጥሩን ተመልከቱ። በሽታው እንዲሁ ከያዛቸው ወደ 5,900 ሰዎች 844ቱ ሞቱ። ቦይልስተን ከከተባቸው ወደ 240 ሰዎች የሞቱት 6 ናቸው። ይህ ቦይልስተን የጆን አዳምስ እናት አጎት ነው። ስለዚህ ጆን በ1764 ክንዱን ሲዘረጋ የተዘረጋው ወደ ቤተሰቡ ታሪክ ነው። ከዚያ ጀርባ ያለው ግን አናሲሞስ ነው።

በእኛም አገር ዘመናዊው ክትባት ከመምጣቱ በፊት እንዲሁ ከፈንጣጣ ቁስል እየወሰዱ ይከትቡ እንደነበር፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ ተጓዦች ጽፈውታል። ቋንቋችን ውስጥም ምልክት አለ። «መክተብ» መጻፍም ነው፣ መውጋትም ነው። ወረቀትም ይከተባል፣ ክንድም ይከተባል። እነ ጆን አዳምስ ይህ ቃል ቢኖራቸው ደስ ይላቸው ነበር።

እሺ፣ ወደ ሁለተኛው። ከዚያ በፊት ግን ስለ ራሴ አንድ ደብዳቤ ልንገራችሁ። ያለሱ የሚቀጥለው አይገባችሁም።

አሜሪካ የገባሁት በእኛ አቆጣጠር በ1981 ነው። ስልክ ውድ ነበር። እናቴ ጽሕፈት አትችልም፣ ለጎረቤት ተማሪ እያወራች ታስጽፋለች። ደብዳቤው ሁልጊዜ አንድ ነው። ትልልቆቻችሁ በቃል ታውቁታላችሁ፣ አብረን እንበለው፦ «ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ከናፍቆትሽ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።» አያችሁ፣ ታውቁታላችሁ! ቀጥሎ ሰላምታ ይደረደራል። እከሌ ሰላም ይልሻል። እከሊት ሰላም ትልሻለች። «አባትሽ ሰላም ይሉሻል።»

አንድ እሁድ ማለዳ፣ ገና ሳይነጋ፣ በሬ ተንኳኳ። በሩን ስከፍት አራት ሽማግሌዎች ቆመዋል። ነጠላ ለብሰው። ማለዳ፣ ሽማግሌ፣ ነጠላ። ማንም ሳይናገር አወቅኩት።

አባቴ ከሞተ ሰባት ወር ሆኖት ነበር።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ደብዳቤዎቹን አወጣሁ። ቀናቸውን ቆጠርኩ። አባቴ ከተቀበረ በኋላ አራት ደብዳቤ ደርሶኛል። በአራቱም ላይ «አባትሽ ሰላም ይሉሻል» ይላል።

ይህንን ይዛችሁ ከእኔ ጋር ወደ 1775 ኑ።

ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ተጀምሯል። ጆን ፊላደልፊያ ስብሰባ ላይ ነው። አቢጌል ብሬንትሪ ከአራት ልጆች ጋር ቀርታለች። በበጋው መጨረሻ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ገባ። የጆን ወንድም ከወታደሮቹ ጋር ሆኖ በዚሁ በሽታ ሞተ። ከዚያ በአቢጌል ቤት መጀመሪያ አይዛክ የሚባል አገልጋይ ተያዘ። ቀጥሎ ራሷ። ቀጥሎ የ3 ዓመቱ ትንሹ ቶሚ። ቀጥሎ ፓቲ የምትባለው ሠራተኛ።

ለባሏ የጻፈችውን ስሙ። እንዲህ ያለ የበሽታና የሞት ጊዜ በዕድሜ የገፋው ሰው እንኳ አያስታውስም አለች። ጎረቤቱ ሁሉ ስለተያዘ በሽተኞቹን የሚያስታምምልኝ አንድ ጤነኛ ሰው ማግኘት አቃተኝ አለች። ቶሚ ከእናቱ እጅ በቀር አልነካም ይላል። ያ ድንቡሽ ያለ፣ በበቆሎ ያደገ ልጅ ገርጥቶ፣ ከስቶ፣ መንምኖ ቀረ አለች።

እኔ ይህንን ሳነብ እንደ ነርስ ነው የማነበው። በአንድ ፈረቃ ስንት በሽተኛ? አራት። ስንት ነርስ? አንዲት። እሷም ታማለች። በዚህ ዘመን ማኅበራችን ሰልፍ ይጠራል!

ያኔ ሆስፒታል ማለት ቤት ነው። ነርስ ማለት እናት፣ እህት፣ ጎረቤት ነው። የእኛ ቋንቋ ለዚህ ጥሩ ቃል አለው፣ አስታማሚ። ሐኪም ቢመጣም ይዞት የሚመጣው ትንሽ ነው። ደም ያወጣል። እኛ ዋግምት እንደምንለው፣ እነሱ ደግሞ ደም ሥር በጥተው በሳህን ነው። የሚያስቀምጥና የሚያስመልስ ይሰጣል። ለትኩሳት ከደቡብ አሜሪካ የሚመጣ የዛፍ ቅርፊት አለ። በደብዳቤዎቹ ላይ «ቅርፊቱ» ብቻ ይሉታል፣ ሁሉም ስለሚያውቀው። ይህ በእውነት ለወባ ይሠራ ነበር። በ1820 ከዚያ ቅርፊት ውስጥ የወጣው መድኃኒት ነው እኛ ዘንድ ሲደርስ የእንክብል ሁሉ ስም የሆነው። «ኪኒን» ማለት ከዚያ ነው። ለራስ ምታት «ኪኒን ስጠኝ» ስትሉ ሳታውቁት ያንን ዛፍ እየጠራችሁ ነው።

አቢጌልም በዚያው ሰሞን ለባሏ የምትገዛልኝ ብላ ዝርዝር ላከች። ሩባርብ የሚባለውን ሥር፣ ለሆድ። ገውዝ። ቅርንፉድ። ቀረፋ። ፊላደልፊያ ነጻነት ለማወጅ የተቀመጠ ሰው ኪስ ውስጥ የእናቴ የቅመም ዝርዝር አለ! ይህንን ሳነብ ነው የወደድኳት።

የአቢጌል እናት ልጃቸውን ለማስታመም በየቀኑ ይመጡ ነበር። በሽታው ያዛቸው። በኦክቶበር 1 ቀን 1775 ሞቱ። ያንኑ ቀን አቢጌል ወረቀት አንስታ ለጆን ጻፈች። እዘንልኝ፣ እዘንልኝ ውዴ ሆይ፣ የእግዚአብሔር እጅ ከብዳብኛለች አለችው። ከኢዮብ የተወሰደ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ፓቲም ሞተች። እሱንም ጻፈች።

ያንኑ ቀን! የእኔ እናት ሰባት ወር ዝም አለች። አቢጌል አንድ ቀን እንኳ አላሳደረችም።

ይቺ ሴት ጨካኝ ናት እንዴ? ባሏ ሩቅ አገር ነው። ደብዳቤው ብዙ ጊዜ ወደ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። ምንም ሊያደርግ አይችልም። ለምን ታሳቅቀዋለች? ለረጅም ጊዜ ይህንን ጥያቄ ይዤ ቆየሁ። መልሱን እነግራችኋለሁ አልልም፣ ግን ሦስተኛው ላይ አንድ ነገር አገኘሁ።

የሚቀጥለውን ዓመት ግን መዝለል አልችልም። በጁላይ 1776 አቢጌል አራቱንም ልጆቿን ይዛ ለመከተብ ቦስተን ገባች። ላም እየነዱ፣ ድርቆሽና እንጨት ጭነው! ከተማው በተከታቢ ተጨናንቋል። ናቢ የምትባለው ትልቋ ልጇ ክፉኛ ወጣባት። ለቤተሰቡ ሁሉ የሚበቃ ፈንጣጣ ናቢ ላይ ወጥቷል፣ መራመድም መቀመጥም መቆምም መተኛትም አልቻለችም ብላ ጻፈች። ቻርልስ ደግሞ ክትባቱ እምቢ ብሎት እንደገና ተከተበ። በመጨረሻ በሽታው ራሱ ያዘው፣ ቃዠ። ወደ ሁለት ወር ገደማ ነው የቆዩት።

በዚያው መሀል፣ በጁላይ 18፣ የነጻነት አዋጁ ከመንግሥቱ ቤት ሰገነት ላይ ሲነበብ ሄዳ ሰማች። ሕንጻው ዛሬም አለ፣ ከሥሩ የባቡር ጣቢያ ነው። ብዙዎቻችሁ በየቀኑ ታልፉታላችሁ። እኔ አሁን ሳልፍ የሚታየኝ አዋጁ አይደለም። ክንዷን የታሰረች፣ ትኩሳት ያለባቸው ልጆች ቤት ትታ የመጣች እናት ናት የምትታየኝ።

ከዚያ ከ200 ዓመት በኋላ፣ በኦገስት 1976፣ በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ ተመዘገበ። በሚቀጥለው ዓመት ሶማሊያ ውስጥ፣ በሽታው በተፈጥሮ የያዘው የዓለም የመጨረሻው በሽተኛ ተመዘገበ። ያኔ ልጅ ነበርኩ። ከታቢዎቹ ሰፈራችን ሲመጡ አያቴ ቀድማ ነው የጎተተችኝ። ፊቷ በፈንጣጣ ጠባሳ የተሞላ ነበር። እኔ ላለቅስ ስል «ፊቴን እይው» አለችኝ፣ ሌላ ነገር አልተናገረችም። ጠባሳዬ ይኸው። የአናሲሞስ ዓይነት ነው፣ ክንድ ላይ።

ሦስተኛው። ጊዜ እየሄደ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ እላለሁ።

ቤንጃሚን ረሽ የፊላደልፊያ ሐኪም ነው። የነጻነት አዋጁን ከፈረሙት አንዱ ነው። የጆን አዳምስ ወዳጅ ነው። በ1793 ቢጫ ወባ ፊላደልፊያን ሲያጠቃ ከተማው ውስጥ ቀረ። ሚስቱ ጁሊያ ከልጆቹ ጋር ኒው ጀርዚ ነበረች። በየቀኑ ማለት ይቻላል ይጽፍላታል። ዛሬ ማን ሞተ፣ ስንት በሽተኛ አየሁ። እህቱ እቤቱ ውስጥ ሞተችበት። ተማሪዎቹ ሞቱበት። ራሱም ታመመ። ወደ 50,000 ሰው ከሚኖርበት ከተማ 5,000 ያህሉ አለቀ።

ጀግና ነው። ሕክምናው ግን፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ! ደም ያወጣል። እንደገና ያወጣል። በላዩ ላይ ሜርኩሪ ያለበት ሀይለኛ የሚያስቀምጥ ይሰጣል። በደብዳቤዎቹ ውስጥ በሙሉ ልቡ እያዳነ እንደሆነ ያምናል። ጥቁሮችን በሽታው አይዛቸውም ብሎም ያምን ነበር። የነጻ አፍሪካውያን ማኅበር ሰዎችን፣ እነ ሪቻርድ አለንንና አብሳሎም ጆንስን አስታምሙ ብሎ ጠየቀ። አስታመሙ። አስከሬን ቀበሩ። ብዙዎቹም እንደ ማንም ሰው ታመው ሞቱ። ከዚያ በኋላ ደግሞ «ሰረቁ» የሚል ሐሜት ታተመባቸው! ሁለቱ በ1794 መልሳቸውን በጽሑፍ አወጡ። አስተላላፊዋ ትንኝ መሆኗ የተረጋገጠው በ1900 ነው። ረሽ ስለ ትንኝ አላወቀም። እኔ የምቀየመው ባለማወቁ አይደለም። አይቶም አለመጠራጠሩ ነው።

ግን ይህንኑ ረሽ አንድ ሌላ ደብዳቤ ላይ አገኘሁት። ለእሱ ነው ይህንን ሁሉ ያወራሁት።

ናቢን አስታወሳችኋት? በፈንጣጣ የተሸፈነችውን ልጅ። አደገች፣ አገባች፣ ወለደች። በ1810 ጡቷ ላይ እብጠት አገኘች። በ1811፣ በ46 ዓመቷ፣ ለረሽ ደብዳቤ ጻፈችለት። ያኔ እንዲህ ነው፣ ሐኪሙ አያይህም፣ ደብዳቤህን ያይና መልስ ይልካል። እሱ ፊላደልፊያ፣ እሷ ኩዊንሲ።

ረሽ መልሱን ለማን ላከ? ለናቢ አይደለም። ለአባቷ ለጆን ነው። ምክንያቱንም ጻፈ። አንተና እናቷ ቀስ በቀስ፣ በማያስደነግጣት መንገድ ንገሯት አለ። ከዚያ ቁርጡን ተናገረ። መድኃኒቱ ቢላዋ ነው፣ አትዘግዩ።

ወረቀቱን አስቀመጥኩ። ሌሊቱ 9 ሰዓት አካባቢ ነበር። ተነስቼ ኮሪደሩን ዞርኩ።

ምክንያቱም ይህ መርዶ ነው! በእኛ ወግ የተጻፈ መርዶ ነው። ክፉ ወሬ በቀጥታ ለባለቤቱ አይነገርም። በቤተሰብ በኩል፣ ቀስ ተብሎ፣ ሰው አጠገቧ ባለበት። እነዚያ ምንም የማይደብቁት ሰዎች፣ ወሬው ሲከብድ፣ እንደ እናቴ አደረጉ።

እናቴን አንድ ጊዜ ጠይቄያት ነበር። «እማዬ፣ አራት ደብዳቤ! እንዴት አስቻለሽ?» አልኳት። «ሰው አገር ብቻሽን ወረቀቱን ይዘሽ ልትወድቂ?» አለችኝ። «ሰው ሳፈላልግ ነው የቆየሁት። እጅሽን የሚይዝ ሰው።» ሽማግሌዎቹን ያገኘችው በሰው በሰው፣ በሰባት ወር ነው። እኔ ለብዙ ዓመት ተዋሸሁ ብዬ ነበር የማስበው። አሁንም በሽተኛ ይነገረው ከሚሉት ወገን ነኝ። ሥራዬ ነው። ግን በዚያ ሌሊት ደብዳቤዎቿን በሌላ ዓይን አየኋቸው።

ናቢ በኦክቶበር 8 ቀን 1811 እዚሁ ኩዊንሲ ወላጆቿ ቤት ውስጥ ጡቷ ተቆረጠ። ማደንዘዣ የለም። ነቅታ ነው። ቆራጩ ዶክተር ጆን ዋረን ነበር። ከ35 ዓመት በኋላ፣ በ1846፣ እዚህ ቦስተን ውስጥ በኤተር አስተኝተው ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት ቀዶ ሕክምና ሲያደርጉ፣ ቢላዋውን የያዘው የዚሁ የጆን ዋረን ልጅ ነው። ልጅየው አባቱ ያደረገውን አይቶ ይሆን ስል ሁልጊዜ አስባለሁ። ናቢ ከተቆረጠች ሁለት ዓመት ሳይሞላ ካንሰሩ ተመለሰ። በኦገስት 1813 ወላጆቿ ቤት ገብታ ሞተች።

ሽታው መጣ፣ አይደል? እሺ፣ አንድ ደብዳቤ ብቻ። ከዚያ እወርዳለሁ።

ወደ ኋላ እንመለስ፣ ጁላይ 1777። አቢጌል እርጉዝ ናት። ጆን እንደተለመደው ፊላደልፊያ ነው። አንድ ሌሊት ብርድ ብርድ ብሏት ተንቀጠቀጠች። ከዚያ በኋላ ልጁ ሞቶ ይሆናል የሚል ፍርሃት ያዛት። ጻፈችለት። በማግስቱ ምጥ ላይ ሆና እንደገና ጻፈች። አዎ፣ ምጥ ላይ ሆና! እኔ የማዋለጃ ክፍል ሠርቻለሁ። ምጥ ላይ ሆና ስሟን መፈረም ያቃታት ስንት ሴት አይቻለሁ።

ደብዳቤው መሀል ላይ ማምለጥ የማልችለውን ልሸከም አሁን ብዕሬን ማስቀመጥ አለብኝ ትላለች። እዚያው መስመር ላይ ሰረዝ አለ። ከሰረዙ በኋላ፣ አሁን ችዬዋለሁና ብዕሬን መልሼ አነሳሁ፣ ብላ ትቀጥላለች።

በዚያች ሰረዝ ውስጥ አንድ ምጥ አለ።

ልጅቷ ሞታ ተወለደች። ሴት ነበረች። አቢጌል ሴት ልጅ ትፈልግ ነበር። ከቀናት በኋላ ለጆን ስትጽፍለት፣ መልኳ ያማረ ነበር፣ ዓይኖቿን በዚህ ዓለም ስላልከፈተቻቸው ለእንቅልፍ ብቻ የተከደኑ ይመስሉ ነበር አለችው። ሰረዝ ያለባት ደብዳቤ ፊላደልፊያ ስትደርስ ሕፃኗ ተቀብራለች። ጆን የዚያችን ምጥ ሕመም ያነበበው ካለፈ ስንት ቀን በኋላ ነው።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያለው ስኒውን ይዞ ይምጣ። እትዬ፣ ለእኔ ስኳር እንዳትጨምሪ።